ሃያ አንድ ቀን

ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ ወደ ዘንዘልማ ጥቂት ገባ ብሎ፣
የቆርቆሮ አጥር አለኝ፤ በውስጡ አንድ ሩሎ፣
አንድ ጎማው የተላጠ፣ አፉን የደፋ ሎደር፣
አንዲት ሚክሰር፣ ሲነሳም የሚያስነጥስ ጄኔሬተር።

በሩ ላይ በቀይ ቀለም «የሚከራይ ማሽን» ብዬ ባስጽፍበት፣
ክረምቱ «ማሽን»ን አጥቦ «የሚከራይ» ብቻ ቀረበት።
ቤት ፈላጊ ሁሉ ቆሞ «ስንት ክፍል ነው?» ይላል፤
ዘበኛዬ አንሙት ከውስጥ ሆኖ ይመልሳል፦
«ክፍልስ የለንም፤ ብረት ነው የተኛ።
ቀስ ብለህ አንኳኳ፤ እሱ እንቅልፍ አለው፣ አይደለም እንደኛ።»

ከሎደሩ ወንበር ሲወጡ ጣና ወለል ብሎ ይታያል፤
ዳሩን እምቦጭ ወርሶታል፣ በየቀኑ አንድ ክንድ ይጨምራል።
ዕቁብ የለው፣ ብድር የለው፣ ናፍጣ ብሎ አይሰለፍ፤
ሥራ ያልፈታ እሱ ነው ዘንድሮ፣ ቀን ከሌት የማያርፍ።

እኛ ጋ ግን ሲሚንቶ ሲመጣ ናፍጣ ይሄዳል፤
ሁለቱ የተገናኙ ለት አሠሪው ይሰደዳል።
ዐምና የቆፈርኩት ቦይ ውሃ ካስተላለፈ ከራርሟል፤
ክፍያው ግን ፋይል ውስጥ ጢም አብቅሏል፦
ፈራሚው ስብሰባ ነው፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፣
የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር ጎንደር ነው።

ልቅናው፣ ኦፕሬተሬ፣ ባጃጅ ይነዳል አሁን፤
ማታ ማታ ይመጣና፣ ሳያስነሳ ሞተሩን፣
ሎደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ማንሻውን ይነካካል።
«ባትሪው እንዳይሞት ብዬ ነው» ይለኛል።
ሞተር ሳይነሳ ባትሪ እንደማይድን
እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንነጋገርም ግን።

ጥቅምት እንደገባ ነው የአንሙትን ምስጢር የደረስኩበት።
ቀይ ዶሮ ነበረችው፤ «የት ሄደች?» ብዬ ብጮህበት፣
ወደ ሚክሰሯ በአገጩ አሳየኝ፦ «ሥራ ይዛለች፤
ከዚህ ግቢ ሁሉ ሥራ ያላት እሷ ነች።»
ሲሚንቶ በደረቀበት ከርስ፣ ገለባ ተነጥፎላት፣
ዘጠኝ እንቁላል ታቅፋ፣ ክንፏን አላልታ አየኋት።
የበሩን ጽሑፍ አንብባ በትክክል የገባት
እሷ ብቻ ነች መሰለኝ፤ ኪራይ መጠየቅ አፈርኩባት።

ቆጠራ ጀመርን። ኮንክሪት እስኪጠና ሃያ ስምንት ቀን ይላል፤
ባንክ ሠላሳ ይልና በሃያ ዘጠኝ ይደውላል።
ዶሮ ሃያ አንድ አለች፤
ሌላ ቃል አልጨመረች።

በዐሥራ ዘጠነኛው ምሽት ስልክ ጮኸ፤ ከሽምብጥ ነው፣
ይትባረክ የሚባል ሰው፣ የሶሌታ ሙሌት ያለው፦
«ሚክሰር ለአራት ቀን። ለነገ። በእጄ ነው ክፍያው።»
በእጅ! እንዴት ይጥማል ይህ ቃል፣ ስንት ወር ጆሮዬ የራበው።

ባትሪ ይዤ ወጣሁ። እጄን ከሆዷ ሥር ሰደድኩ፤
ነቆረችኝ። አንዱን እንቁላል ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አዳመጥኩ።
ዝም ነው። ሙቀት ብቻ፤ ሞተር ጠፍቶ እንደሚተርፈው ዓይነት።
«ካነሳናት ትተዋቸዋለች» አለ ከጨለማው አንሙት።

ለይትባረክ ደወልኩ፦ «ሚክሰሯ ሥራ ላይ ናት፤
ከሦስት ቀን በኋላ እንጂ ነገ አይሆንላት።»
ሥራ ላይ ናት! ይህን ካልኩ ዓመት ሞላኝ በቁጥር፤
ድምፄ እንኳ ኮራ፤ ዋጋ ልጨምር ብል ያምርብኝ ነበር።
«እንግዲህ አያለሁ» አለና ዘጋ። ይየው።
ባለ ሚክሰር ሞልቷል፤ ሁላችንም ያው።

ሰባቱ ወጡ። ሁለቱን አንሙት ከአጥሩ ሥር ቀበረ፤
«እነዚህስ እንደ ቦዩ ክፍያ ናቸው» አለና ዞረ።
ልቅናው ከባጃጁ ወርዶ ጥሬ በተነ፤
የሩሎው ጥላ ሥር ጫጫታ ሆነ።

ስልኩ አልጮኸም።
ዛሬ የቀይ ቀለም ትራፊ ከጣሳ ሥር ፋቅሁ፤
«ማ» ብዬ እንደጻፍኩ፣ ለ«ሽን» እንደማይበቃ አወቅሁ።
አንሙት ራቅ ብሎ ቆሞ ፊደል በፊደል አነበበ፦
«የሚከራይ… ማ?»
ጥቂት አሰበ።
መሰላሉን ላነሳ ስል «ተወው» አለኝ፤ «ጥያቄው ልክ ነው።»
ተውኩት። ከጣና የመጣው ንፋስ ቶሎ አደረቀው።